የመንገድ ዳር ምስር ሳምቡሳ፦ ቂጣው፣ ምስሩ፣ ዘይቱ (የሚያውቅ ይጨምር፣ የማይስማማ ይከራከር)

ጠርዝ_ቆራጭ

ስለ ሳምቡሳ የሚጻፈው አብዛኛው «ሊጡን አቡኩ፣ ምስሩን ሙሉ፣ ጥበሱ» ብሎ ያልቃል። ኮሽ የሚለውን የመንገድ ዳር ሳምቡሳ ቤት ውስጥ ከሚልፈሰፈሰው የሚለየው ግን ቅመሙ አይደለም፤ ውሃው ነው። ምስሩ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ ቂጣው ውስጥ የቀረ ውሃ፣ ከተጠበሰ በኋላም መውጫ ያጣ እንፋሎት። የሚከተለው ልክ ለ40 ሳምቡሳ ነው።

ሊጡ፦ 800 ግራም አንደኛ ደረጃ የስንዴ ዱቄት፣ 400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 12 ግራም ጨው (ትክክል የተሞላ 2 የሻይ ማንኪያ)። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም አይገባበትም፤ ሊጡ ከተነፋ ዘይት የሚጠጣበትን ቀዳዳ ነው የሚያበጀው። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በመዳፍ እሹት፤ ውሃው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳቦ ሊጥ ጠጠር ማለት አለበት። 10 ደቂቃ ታሽቶ፣ ተሸፍኖ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይረፍ። ሲዳመጥ እየተኮማተረ ወደ ኋላ የሚመለስ ሊጥ አላረፈም ማለት ነው። ከመታገል 15 ደቂቃ መጨመር ይሻላል።

ቂጣው፦ 20 ድቡልቡል ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ ወደ 60 ግራም። አራቱን ለየብቻ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ዳምጧቸው፣ በስሱ ዘይት ቀቡ፣ ዱቄት ነስንሱ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቡ (ከላይ የሚውለው አይቀባም)። ከዚያ አራቱን አንድ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ዳምጡ። ደረቅና መካከለኛ ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ በየፊቱ 20–30 ሰከንድ ይበቃል። ነጣ ብሎ መውጣት አለበት፤ ቡናማ ነጥብ ካወጣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሳይበርድ አንዱን ከአንዱ አላቅቁት፣ ለሁለት ቁረጡት፣ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሸፍኑት።

ምስሩ፦ 500 ግራም ድፍን ምስር ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ልክ እንደ ፓስታ። ክክ ምስር አይሆንም፤ ወጥ ነው የሚሆነው። ፍሬው ሲነከስ ለስለስ ሲል፣ ሳይፈርስ፣ በወንፊት አጥልላችሁ ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ በትኑት፣ 20 ደቂቃ ይንፈስበት። 400 ግራም ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ይቁላላ (ቡናማ አይሁን)፣ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ምስሩ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ድስቱ ሳይከደን እያገላበጡ 5 ደቂቃ። ከወረደና ከቀዘቀዘ በኋላ 6 ቃሪያ በደቃቁ ይጨመርበታል።

አስተጣጠፉ፦ የግማሽ ክቡ ቀጥ ያለ ጠርዝ መሃሉ የሳምቡሳው ሹል ይሆናል። የቀኙን ጥግ አንድ ሦስተኛ አጥፉ፣ ሙጫ ቀቡ፣ የግራውን በላዩ አምጡና ተጫኑ። በተከፈተው አፍ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ምስር (35–40 ግራም) አስገቡ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፣ ሙጫ ቀብታችሁ ክደኑ። ሙጫው 50 ግራም ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው።

ዘይቱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ ብዙ ክርክር ያለበት እሱ ነው።

የምጣድ_ዳር

ጥሩ ልክ ነው። ምስሩ ላይ ግን የማብሰያ ደቂቃ አለመጻፍህን ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ከውጭ አገር ዩቲዩብ ላይ «20 ደቂቃ» ሰምቶ አዲስ አበባ ላይ ጥሬ ምስር ያወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብታበረታው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ 30–40 ደቂቃ መጠበቅ የግድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ችግር ይቀንሳል።

ያረጀ ምስር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ዓመት መጋዘን የከረመና አዲስ ምስር አንድ ድስት ውስጥ ከተቀላቀሉ ግማሹ ይፈርሳል፣ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ከሁለት ሱቅ የተገዛ ምስር አትቀላቅሉ። ሎሚና ቲማቲምም ምስሩ ሳይበስል አይገቡም፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል።

አንድ የምቃወመው ነገር አለ፦ ቀይ ሽንኩርቱ 400 ግራም ይበዛል። 250 ይበቃል። ሽንኩርት በበዛ ቁጥር ውሃ ነው።

ጠርዝ_ቆራጭ

ውሃው እስኪመጥ ከተቁላላ 400 ግራሙ ወደ 250 አካባቢ ይወርዳል፣ ስለዚህ ክብደቱ አያሳስብም። ሽንኩርቱ ሲያንስ ምስሩ ተበታትኖ ከንክሻው ይራገፋል፤ እንዲያያዝ የሚያደርገው ሽንኩርቱና ዘይቱ ነው። መንገድ ዳር የሚቀንሱት ሽንኩርት ሲወደድ ነው እንጂ ለጣዕም ብለው አይደለም።

ቡታጋዝ_ሁለት

ከጅምሩ አንስማማ። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው የሰፈር ሳምቡሳ ምጣድ አይቶ አያውቅም። ጥሬ ሊጥ ተዳምጦ፣ ተሞልቶ፣ ቀጥታ ዘይት ውስጥ ይገባል። እነዚያ በላዩ ላይ የሚያብጡት ፊኛዎች የሚመጡት ከዚያ ነው፣ የሚወዳቸውም ብዙ ነው። የሚሰባበር ወረቀት የመሰለው የሐረርና የድሬ አሠራር ነው።

የጥሬ ሊጡ ልክ ይኸው፦ 800 ግራም ዱቄት፣ 360 ሚሊ ሊትር ውሃ (የአንተ ይበዛበታል)፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት። የዘይቱ መብዛት ጥሬውን ሊጥ ከመጎተት ወደ መሰበር ያመጣዋል። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የሚጠበሰው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፣ 160 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። በ180 ከጠበስከው ውጭው ይቀላል፣ ሦስት ሊጥ የሚደራረብበት ጥግ ግን ነጭና ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ሳምቡሳ በልቶ ሆድ ነፋኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የበላው ያንን ጥግ ነው።

ምጣድ ላይ አራት አራት እየደረደሩ ማላቀቅ ለ40 ፍሬ ያምራል። በቀን 300 ለሚጠብስ ሰው ግን ሁለት ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል።

የምጣድ_ዳር

300ውን የሚሠሩት ድሬዎች እኮ ምጣዱን አልተዉም። ከዋዜማው ነው የሚያዘጋጁት። ቂጣው ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ያለ ችግር ይቆያል።

ጠርዝ_ቆራጭ

ለቡታጋዝ_ሁለት፦ ጥሬው ትኩሱን ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ልዩነቱ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጥሬ ሊጥ ውስጡ ላይ እንደ ዳቦ ለስላሳ ክፍል ይቀረዋል፤ ያ ክፍል የያዘው ርጥበት ቀስ እያለ ወደ ውጭው ቅርፊት ይሄድና ያለሰልሰዋል። ምጣድ የነካው ስስ ቂጣ አስቀድሞ ውሃውን ጥሏል፣ ስታርቹም በስሏል፤ ስለዚህ ዘይት ውስጥ እስከ ውስጥ ድረስ ይደርቃል። ጠዋት 3 ሰዓት ጠብሰህ እስከ 6 ሰዓት የምትሸጥ ከሆነ ምጣዱ ያዋጣል። እየጠበስክ የምትሸጥ ከሆነ የአንተ ይበቃል።

ዘይትና_ወንፊት

ዘይቱን እኔ ልያዝ።

መጠኑ፦ ሳምቡሳው መዋኘት አለበት። 24 ሴንቲ ሜትር አፍ ባለው ጎድጓዳ ድስት 2 ሊትር ዘይት፣ በአንድ ጊዜ ከ5–6 ፍሬ አይበልጥም። ዘጠኝና አሥር ፍሬ ከጨመራችሁ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ እስኪመለስ ድረስ ሊጡ ዘይት ይጠጣል። «ዘይት ያዘለ» የሚባለው ሳምቡሳ ዘጠና በመቶው ምክንያቱ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሙቀቱ፦ ምጣድ ለነካው ቂጣ 175 ዲግሪ፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ቴርሞሜትር የሌለው ከሙጫው አንድ ጠብታ ይጣልበት። ታች ወርዳ እዚያው ከቆየች ዘይቱ ገና 150 አልሞላም። ግማሽ መንገድ ወርዳ ቶሎ ከተመለሰች ደርሷል። ሳትሰምጥ ላዩ ላይ ተንጫጭታ ወዲያው ከቀላች አልፏል፣ እሳቱን ቀንሱ። ከሰል ላይ የሚጠብስ ሰው እሳቱን መቀነስ ስለማይችል ፍሙን ወደ ዳር ገለል አድርጎ ወይም አመድ አልብሶ ነው የሚያስተካክለው። በጣም ከሞቀ አንድ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ዘይት መጨመር ይቻላል። ውሃ የነካው ጭልፋ ግን በጭራሽ።

የዘይቱ ዓይነት፦ የሚረጋው (ፓልም) ለመጥበስ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ቅርፊቱንም ያደርቃል። ችግሩ ሳምቡሳው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ዘይቱ አብሮ ይረጋና ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ መሆኑን ለጤናው የሚጠነቀቅ ሰው ይወቅ። የሱፍ ዘይት ለአፍ ይቀላል፣ ሲቀዘቅዝም አይረጋም፣ ግን ደጋግሞ ሲሞቅ ከፓልም ቀድሞ ይወፍራል፣ አረፋም ይይዛል። የኑግ ዘይት ያልተጣራው ቶሎ ይጨሳል፣ ሽታውም ምስሩን ይጫነዋል፤ ለወጥ አስቀምጡት።

የተጠቀሙበትን ዘይት መድገም፦ «ስንት ጊዜ?» ለሚለው ቁጥር የለውም፤ ምልክት ነው ያለው። ሳምቡሳው ከገባ በኋላ የሚታየው ትልልቅና ቶሎ የሚፈነዳ አረፋ ጤነኛ ነው፤ ከእንፋሎት የሚመጣ ነው። ደቃቃ፣ እንደ ሳሙና የሚከማችና የማይጠፋ አረፋ ከያዘ አልቆለታል። ከድሮው በዝቅተኛ ሙቀት መጨስ ከጀመረ፣ ከጭልፋው ላይ እንደ ማር እየተጎተተ ከወረደ፣ የቆየ ቀለም ዓይነት ከሸተተ፣ ይጣል። ባረጀ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር አሮጌውን አያድነውም፣ አዲሱን ነው የሚያበላሸው።

ዘይት ቶሎ የሚገድለው ደግሞ ከተቀደደ ሳምቡሳ የወጣ ምስር ነው። ታች ወርዶ ይከስላል፣ መራራ ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ዙር ላይም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይለጠፋል። በየዙሩ በደቃቅ ወንፊት አውጡ። ማታ ለብ እያለ በጨርቅ አጥልሉ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከብርሃን አርቁ። ዝገት ያለበት ድስትም ዘይት ያበላሻል።

ሰፌድ

የሚቀደደው ለምንድን ነው? ሙጫው ተቀብቶም፣ ተጭኖም፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ አፉ ይከፈታል።

ቡታጋዝ_ሁለት

ከሦስት አንዱ ነው። ምስሩ ርጥብ ነው፣ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በደካማው በኩል ይቀደዳል። ወይም ከተሞላ በኋላ አየሩ ሳይወጣ ነው የተከደነው፤ ምስሩን ወደ ሹሉ ጠጋ አድርገህ፣ ከላይ በጣት ቀለል አድርገህ ጫን፣ ከዚያ ክደን። ወይም ሙጫህ ቀጥኗል። ሙጫው ከማንኪያ ላይ እየተንጠባጠበ ሳይሆን እየተጎተተ መውረድ አለበት። ውሃ ብቻ የሚቀቡም አሉ፤ ጥሬ ሊጥ ላይ ይይዛል፣ ምጣድ የነካው ላይ ግን አይዝም፣ ምክንያቱም ላዩ ደርቋል።

ከተጣበቀ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። እጅ ላይ እንዳለ ዘይት ውስጥ የሚገባ ሳምቡሳ ሙጫው ገና ርጥብ ነው።

ጠርዝ_ቆራጭ

አራተኛ ልጨምር፦ ትኩስ ምስር መሙላት። የምስሩ ሙቀት ቂጣውን ከውስጥ ያረጥበዋል፣ ገና ሳይጠበስ ይለሰልሳል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ያስገባሁትም ለዚህ ነው፦ ጨውና ሙቀት ካገኘው ውሃውን ይለቃል፣ ኮሽታውንም ያጣል። ከቃሪያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሞልቶ ማለቅ አለበት። 40ውን ለብቻህ የምትሞላ ከሆነ ቃሪያውን በሁለት ዙር ቀላቅል።

ድሬ_ነፋስ

ምስር ምስር ትላላችሁ፣ የሥጋውንም እንጻፈው እንጂ። ድሬና ሐረር በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሸጠው ይህ ነው፤ ጎዳናው ሁሉ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል።

700 ግራም ስቡ ያነሰ የተፈጨ ሥጋ። ድስቱ ውስጥ ዘይት ሳይጨመር ይገባል፣ በእንጨት ማንኪያ እየተፈረፈረ ውሃው አልቆ መንጫጫት እስኪጀምር ይቆያል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል፤ ሥጋው ግራጫ ሲሆን ያወርደዋል። ግራጫ ሥጋ ውሃውን ገና አልጨረሰም። ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ ኮረሪማ፣ ግማሽ ሚጥሚጣ፣ ጨው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ 300 ግራም ቀይ ሽንኩርት ጥሬውን በጣም በደቃቁ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል። ሽንኩርቱ በራሱ በሥጋው ሙቀትና በኋላ በጥብሱ ይበስላል፣ ትንሽ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል።

የሥጋው ሳምቡሳ መጠን ከምስሩ ያንሳል። ትልቁን ክብ ለአራት ቁረጡት፣ በአንዱ 15 ግራም ያህል ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ስቡ ስለሚረጋ ትኩሱን የሚበላ ነው። ማባያው ሎሚና ቢስባስ ነው፤ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ድንብላል ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተፈጭቶ። አጠገቡ ሻይ በወተት።

ባሮ ሽንኩርት የሚያስገቡም አሉ። ጥሩ ነው፣ ውሃ ስላለው ግን ከተከተፈ በኋላ በጨርቅ ጨምቁት።

ጾመኛ_ነኝ

ለጾም የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ምስር ሳምቡሳ ሁልጊዜ የጾም ነው ማለት አይደለም። ሁለቱንም የሚጠብስ ሰው በአብዛኛው አንድ ድስት ዘይት ነው ያለው። «የሥጋውና የምስሩ ዘይት ለየብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። በሑዳዴ ምስር ብቻ የሚጠብሱ ብዙ ናቸው፣ ችግሩ በረቡዕና ዓርብ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቃሪያ

አሜሪካ ላላችሁ። ዱቄቱ ኦል ፐርፐዝ የሚባለው ነው፤ የዳቦ ዱቄት (ብሬድ ፍላወር) አትግዙ፣ እየተኮማተረ አላስዳምጥ ይላል። ምስሩ ብራውን ሌንትል ነው። ቀዩ ሌንትል የእኛ ክክ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ቃሪያ ካጣችሁ ሴራኖ ይቀርባል፤ ሃላፔኞ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ከተጠቀማችሁ ዘሩንና ነጩን ክር አውጡ።

ሊጡን ማቡካት ለማይችል የስፕሪንግ ሮል ሊጥ ከእስያ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ሁለት ስህተት ይሠራበታል። አንደኛው የኤግ ሮልን ሊጥ በእሱ ፈንታ መግዛት፤ ኤግ ሮል ወፍራም ነው፣ ይነፋል፣ ብዙ ጊዜም እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም። ማሸጊያውን አንብቡ። ሁለተኛው ማይክሮዌቭ ውስጥ ማቅለጥ ነው፤ ጠርዙ ደርቆ ይሰባበራል፣ መሃሉ ይጣበቃል። ማታ ከበረዶ ቤቱ ወደ ታችኛው ክፍል አውርዱት። ካሬውን በረጅሙ ለሁለት ወይም ለሦስት ቁረጡ፣ ከጥግ ወደ ጥግ እያጠፋችሁ እንደ ሦስት ማዕዘን አንከባሉ። ቂጣው በጣም ስስ ስለሆነ 2 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል፤ ምስሩም ከሌላው ጊዜ የበለጠ መድረቅ አለበት።

ልንገራችሁ፣ ጥርት ብሎ ኮሽ ይላል፣ የሰፈሩን ጣዕም ግን አያመጣም። የስንዴው ጣዕም የለበትም።

ማታ_ዱባይ

ገልፍ ያለን ደግሞ ሥራው ይቀልልናል። የሳምቡሳ ቂጣ ራሱ ተቆርጦ፣ ረጅም ሰቅ ሆኖ፣ በማቀዝቀዣ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፣ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ። በፋብሪካ ምጣድ የነካ ስለሆነ የውሃ ጠብታ አይዘውም፤ የዱቄት ሙጫ ያስፈልገዋል። ከተከፈተ በኋላ በርጥብ ፎጣ ካልተሸፈነ ኤሲ ባለበት ክፍል በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ከደረቀባችሁ አትጣሉት፣ ፎጣውን በሙቅ ውሃ አርጥባችሁ ጨምቃችሁ 10 ደቂቃ ጠቅልሉት፣ ይመለሳል።

ሰፌድ

እስራኤል ያሉትስ? «የሲጋር ሊጥ» የሚባለው ይሆናል?

የምጣድ_ዳር

ይሆናል። እሱም ስስ፣ በበረዶ ቤት የሚሸጥ ሊጥ ነው። አያያዙ ከስፕሪንግ ሮሉ ጋር አንድ ነው።

ሎሚና_ሻይ

ስለ አሠራሩ ብዙ ተባለ፣ ስለ አገዛዙና አበላሉ ማንም አልጻፈም። ወደ ሳምቡሳ ሻጭ ሲቀርቡ ሳምቡሳውን ከማየት በፊት ሦስት ነገር ይታያል።

ዘይቱ። ወለሉ የሚታይ ወይም የሻይ ቀለም ያለው ከሆነ ደህና ነው። የቡና ቀለም ካለው እለፉ። ጢሱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነም እለፉ።

የመስታወቱ ሳጥን። ውስጡ ላብ ካለው፣ ትኩስ ሳምቡሳ ተደራርቦ ተዘግቶበታል ማለት ነው። ያ ሳምቡሳ ምንም ጥሩ ቢሠራ ለስልሷል። ብልህ ሻጭ የሳጥኑን አንድ ጎን ክፍት ይተዋል፣ ሳምቡሳውን ደግሞ በሹሉ አቁሞ ይደረድረዋል።

ሦስተኛው፣ ጥሬው የት ነው የተቀመጠው? ተሞልቶ ያልተጠበሰው ሳምቡሳ ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ ምስሩ ይኮመጥጣል። የበሰለ ምስር ለብ ባለ ቦታ ቶሎ ነው የሚበላሸው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ ባይቆይ ጥሩ ነው። መጥበሱ ሽታውን ይደብቃል እንጂ ምግቡን አይመልሰውም። ስትነክሱት ምስሩ እንደ ማጣበቂያ ከተሳበ ወይም ኮምጠጥ ካለ ተዉት።

የሚገዛበት ሰዓትም አለው። ጠዋት 4 ሰዓት እና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ሠራተኛውና ተማሪው ስለሚወጣ ዙሩ ፈጣን ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ የተጠበሰ ነው፤ የምታውቁት ቀለሙ ስለጠቆረና ጥጎቹ ጠጣር ስለሆኑ ነው። «ትኩስ አለ?» አትበሉ፣ ሁሉም አለ ይላል። «ከሚቀጥለው ዙር ይሁንልኝ» በሉና 4 ደቂቃ ቁሙ።

ፌስታል ውስጥ አታስቋጥሩ። ወስዳችሁ ቤት የምትበሉ ከሆነ በወረቀት፣ አፉ ክፍት ሆኖ። ያውም ንጹሕ ወረቀት፣ የታተመ ጋዜጣ ወይም የተማሪ ደብተር አይሁን፤ ቀለሙ በዘይት ይለቃል።

ስትበሉ ሹሉን ንከሱ፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ከዚያ ዳጣውን በዚያ ቀዳዳ በማንኪያ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሳምቡሳውን ዳጣ ውስጥ የሚነክር ሰው ያን ሁሉ የደከሙበትን ቅርፊት ያረጥበዋል።

ሰፌድ

የዳጣውን ልክ ብትጽፍልን/ብትጽፊልን?

ሎሚና_ሻይ

300 ግራም ቃሪያ (ዘሩ ግማሹ ይውጣ)፣ 8 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ግማሽ የምታክል ዝንጅብል፣ ከበሶብላ አንድ ጭብጥ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። በሙቀጫ ቢሆን ይመረጣል፤ መፍጫ ማሽን ከሆነ በቆም ቆም፣ ሾርባ እንዳይሆን። ውሃ አይጨመርም። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጨረሻ ላይ። ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን፣ ሎሚው ግን በሚቀርብበት ሰዓት ነው የሚጨመቀው፤ ቀድሞ ከገባ አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል። አዋዜ የሚወድ አዋዜ ይጠቀም፣ ለእኔ ግን በርበሬው ምስሩን ይሸፍነዋል።

ድሬ_ነፋስ

በሶብላ ለሳምቡሳ? ይሄ የአዲስ አበባ ነገር ነው።

ሎሚና_ሻይ

ድንብላል ቅጠል አድርገው እንግዲህ፣ ድሬ ይሁንልህ።

ማታ_ዱባይ

ሁለት ጥያቄ። ተሞልቶ በረዶ ቤት የሚቆየው እንዴት ነው? ኤር ፍራየር ላይስ?

ዘይትና_ወንፊት

በረዶ ቤት፦ ጥሬውን፣ ሳይጠበስ። ትሪ ላይ ሳይነካካ ተዘርግቶ 2 ሰዓት፣ ጠንከር ሲል በከረጢት ተጠቅልሎ። አንድ ወር ምንም አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል። ሲጠበስ አይቀልጥም፤ ከቀለጠ ላዩ ላይ የሚወጣው ላብ ሊጡን ያላቁጠዋል፣ ዘይቱንም ያስፈነጥረዋል። እንደ ጠነከረ፣ 160 ዲግሪ ዘይት ውስጥ፣ 3–4 ፍሬ ብቻ፣ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ። ላዩ ላይ የበረዶ ዱቄት ካለ አራግፉት።

ኤር ፍራየር፦ በብሩሽ ሁለቱንም ፊት ዘይት ቀቡ፣ 190 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ይገልበጥ። ምጣድ ለነካው ስስ ቂጣ ይሠራል። የቡታጋዝ_ሁለት ጥሬ ሊጥ ግን እዚያ ውስጥ ብስኩት ይሆናል። ማሽኑ የሚጠቅመው በዋናነት የቀዘቀዘውን ለማሞቅ ነው፦ 180፣ 4 ደቂቃ፣ ኮሽታው ይመለሳል። ማይክሮዌቭ አይሞከርም።

ቡታጋዝ_ሁለት

«ብስኩት» ያልከው ስድብ ከሆነ ተቀብያለሁ። ከመጥበሻ ስለሚወጣበት ግን ማንም አልጻፈም። ሶፍት የተነጠፈበት ሳህን ላይ አትከምሩ፤ ከሥር ያለው በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥታችሁ ዘይት ላይ 10 ሰከንድ አንጠልጥሉት፣ ከዚያ ወንፊት ወይም የሽቦ መደርደሪያ ላይ በሹሉ አቁሙት። ዘይቱ ወደ ሹሉ ይወርዳል፣ እዚያ ጋ ጠብታውን በሶፍት ንኩት።

ሰፌድ

ሹሉ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ላይ?

ቡታጋዝ_ሁለት

ወደ ታች። የተከደነው አፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ትኩሱ እያለ በእሱ ከተጫንከው የሙጫው መስመር ይላቀቃል።